ኒውትራሉ ካልታሰረ ከፌዝ ወደ ቀፎ 254 ቮልት ከየት መጣ?

ተለማማጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። መርከባችን 440 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ የጀነሬተሩ ኒውትራል፣ ሦስቱ ፌዞች የሚገናኙበት ነጥብ፣ የትም አልታሰረም። ግን ከየፌዙ ወደ ቀፎው፣ ማለትም ወደ መርከቡ ብረት አካል፣ ስለካ 254 አካባቢ ያነባል። ትናንት ማታ ደግሞ 11፣ 434 እና 445 ሆነ። ጠዋት ሳየው ተመልሶ 254። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ "መመለሻ የለውም፣ አንዱን ሽቦ ብቻ ብትነካ አይነዝርህም" ይለኛል። እውነቱን ነው?

ሞተር ክፍል፦
የዲጂታል ሜትር ውሸት ነው፣ ተወው። ኃይሉ የጠፋ ሽቦ ላይም ቮልት ያሳይሃል።

የድሮ ኤሌክትሪሺያን፦
የጠፋ ሽቦ ላይ አዎ ይዋሻል፤ እዚህ ግን አልዋሸም። "መሬት የለውም" ማለት ማንም በሽቦ አላሰረውም ማለት ነው እንጂ ግንኙነት የለም ማለት አይደለም። መዳብ፣ ላስቲክ፣ ብረት፦ የተዘረጋው ኬብል ሁሉ ከቀፎው ጋር ካፓሲተር ነው፤ ሳይነካካም ተለዋዋጭ ጅረት ያሳልፋል። የኢንቨርተሮቹ ፊልተር ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ደግሞ ይጨምሩበታል። ሦስቱም ፌዝ ላይ ተመጣጣኝ ስለሆነ ቀፎው መሃል ላይ ይቀመጣል፤ 440ን ለ1.73 አካፍለው።

ልጁን ግን ዛሬውኑ አስቁመው። በየፌዙ የ1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ብቻ አለ እንበል። ሰውነቱ 1,000 ኦም የሆነ ሰው አንዱን ፌዝ ቢይዝ 190 ሚሊአምፔር ገደማ ያልፍበታል፤ ልብ ለማቆም ይበቃል። እኔም እንደሱ አስብ ነበር፤ ላብ ባራሰው ጓንት ተርሚናል ነክቼ፣ ትከሻዬ ፓነሉን ተደግፎ፣ ክንዴ እስከ ማታ የኔ አልነበረም።

የትናንቱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ አንዱ ፌዝ ቀፎውን ነክቷል። በፌዝና በፌዝ መካከል ያለው 440 ስላልተለወጠ ሞተሮቹ አይታወቃቸውም፣ ብሬከርም አይወርድም። የመሪው ሞተር በአንድ ብልሽት እንዳይቆም ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። ግን ሌላ ፌዝ ላይ ሁለተኛ ብልሽት ከተጨመረ በቀፎው በኩል ሾርት ነው። ማታ መጥቶ ጠዋት ከጠፋ ራሱ የሚነሳና የሚቆም ማሽን ጠርጥር። ስዊችቦርዱ ላይ ያሉትን ሦስት አምፖሎች ጠብቅ፤ የተነካው ፌዝ ይደበዝዛል፣ ሁለቱ ይፈካሉ።

ተለማማጅ፦
ጋሼ፣ አገኘሁት! ወንበር ይዤ አምፖሎቹ ፊት ተቀመጥኩ። የቢልጅ ፓምፑ (መርከቡ ታች የሚጠራቀመውን ውሃ የሚያወጣው) ሲነሳ አንዱ ድብዝዝ፣ ሲቆም ደህና። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ ቆልፌ፣ የሞተሩን የሽቦ ሳጥን ስከፍት ታች ጨው ውሃ ተኝቷል፤ የኬብሉ መግቢያ ላልቷል። ሜገሩ (የሽቦ ልባስ መለኪያው) ዜሮ አለኝ። በንጹህ ውሃ አጥቤ ካደረቅኩት በኋላ 5 ሜጋኦም።

ሞተር ክፍል፦
እኔ ብሆን ሜትሩን እቀይር ነበር።

የድሮ ኤሌክትሪሺያን፦
ጎበዝ። የክዳኑንም ጎማ ቀይረው፤ ማጥበቅ ብቻውን አይበቃውም።