ለጎንደር መማሪያ ክፍሎች የትኛው ፕሮጀክተር ይገዛ?

የመከራከሪያው ጥያቄ፦ በጎንደር ከተማ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከወላጆች በተዋጣ ገንዘብ ፕሮጀክተር ሊገዛ ነው። በገንዘቡ ርካሽ ባለአምፖል ፕሮጀክተሮችን ለብዙ ክፍሎች ማዳረስ፣ ወይም ቁጥራቸው ያነሰ የሌዘር (በአምፖል ፈንታ በሌዘር ብርሃን የሚሠሩ) ፕሮጀክተሮችን መግዛት ይቻላል። የትኛው ይሻላል?

የፊዚክስ መምህር፦
ቁጥራቸው ቢያንስም የሌዘሮቹ እንዲገዙ እደግፋለሁ። ምክንያቴ ከከተማችን አቀማመጥና ከመብራታችን ጠባይ የሚነሣ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ የፕሮጀክተሩ ማራገቢያ በተለመደው ፍጥነት ሲዞር የሚያስወጣው ሙቀት በቆላ ከሚያስወጣው ያነሰ ነው፤ ብዙ አምራቾችም ከ1,500 ሜትር በላይ ማራገቢያውን የሚያፈጥነው የከፍታ ቦታ ቅንብር እንዲበራ በመመሪያቸው ያዝዛሉ። በዚህ ላይ የመብራቱ መቆራረጥ ሲጨመር ችግሩ ይከፋል። የባለአምፖሎቹ የብርሃን ምንጭ የሆነው የሜርኩሪ አምፖል እጅግ ስለሚግል ከጠፋ በኋላም ማራገቢያው ለጥቂት ጊዜ እየዞረ ሊያቀዘቅዘው ይገባል፤ መብራት በድንገት ሲሄድ ግን ማራገቢያው አብሮ ስለሚቆም አምፖሉ በገዛ ሙቀቱ ታፍኖ ይቀራል፤ ይህም በተደጋገመ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። መብራቱ ቢመለስ እንኳ አምፖሉ እስኪቀዘቅዝ አልነሣም ስለሚል ከክፍለ ጊዜው ላይ ደቂቃዎች ይባክናሉ። ሌዘር እንዲህ ያለ ማቀዝቀዣ ጊዜ አያስፈልገውም፤ መብራት ሲመጣም ፈጥኖ ይነሣል።

የወላጆች ተወካይ፦
መምህር፣ ያስረዱን ነገር እውነት እንደሆነ አምናለሁ፤ ነገር ግን የሰዓቱን ሂሳብ አብረን እንሥራው። አንድ ፕሮጀክተር በቀን 4 ሰዓት፣ በዓመት 200 የትምህርት ቀን ቢሠራ 800 ሰዓት ይሆናል። 4,000 ሰዓት የሚያገለግል አምፖል አምስት ዓመት ይቆያል ማለት ነው፤ የሌዘሩ 20,000 ሰዓት ደግሞ 25 ዓመት ነው። ያን ያህል ዘመን ሌላው የመሣሪያው አካል ሳይበላሽ ይቆያል ብዬ አላምንም፤ ስለዚህ የማንጠቀምበትን ዕድሜ በውድ እንገዛለን። አምፖል ሲቃጠል አምፖሉ ብቻ ይቀየራል፤ የሌዘሩ የብርሃን ክፍል ሲበላሽ ግን ጥገናው የአምፖል ለውጥን ያህል ቀላል አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ገንዘቡን ያዋጣነው በሁሉም ክፍሎች ያሉ ልጆች ወላጆች ነን። ልጁ ያለ ፕሮጀክተር በቀረው ክፍል ለሚማር ወላጅ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

ጡረታ የወጡ መምህር፦
ልጆቼ፣ እኔ በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ (ትምህርት በሳተላይት የሚታይበት ቴሌቪዥን) ሲገባ በማስተማር ላይ ነበርሁ። በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት ተማሪውን አይጠብቅም፤ መብራት ከሄደ ያለፈው አልፏል፤ የተበላሸውን ፕላዝማም የሚጠግነው ሰው ማግኘት ጭንቅ ነበር። ፕሮጀክተር በመምህሩ እጅ ስለሆነ፣ ማቆምም መድገምም ስለሚቻል፣ ከዚያ በእጅጉ ይሻላል። ሆኖም ሻጩ መለዋወጫ ከየት እንደሚያመጣና ዋስትናውን ጎንደር ላይ ይሁን አዲስ አበባ ላይ እንደሚፈጽም በውሉ ሳይጻፍ ፊርማ እንዳይቀመጥ አደራ እላለሁ።

የአይሲቲ ባለሙያ፦
ሁለቱም ወገኖች ስለ ዕድሜ ሲከራከሩ መስኮቱ ተረስቷል። ፕሮጀክተር ጥቁር ቀለም ሊረጭ አይችልም፤ በግድግዳው ላይ ጥቁር መስሎ የሚታየን ብርሃን ያልደረሰበት ቦታ ነው። ስለዚህ የቀን ብርሃን ግድግዳው ላይ ካረፈ ጥቁሩ ሁሉ ግራጫ ይሆናል። የ3,500 ሉመን (ሉመን የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ፕሮጀክተር ወርዱ 2 ሜትር፣ ቁመቱ 1.25 ሜትር በሆነ ምስል ላይ ሲያበራ በየካሬ ሜትሩ 1,400 ሉመን ያርፋል። የኋላ ተማሪዎች እንዲያዩ ብለን ምስሉን ወደ 3 ሜትር ወርድ ብናሰፋው ግን ያው ብርሃን ከእጥፍ በሚበልጥ ስፋት ላይ ስለሚበተን ወደ 620 ይወርዳል። መጋረጃ በሌለው ክፍል ግድግዳው ላይ የሚያርፈው የቀን ብርሃን በየካሬ ሜትሩ 500 ሉመን ቢሆን፣ ፊደሉ በመጠኑ ይነበብ ይሆናል፤ የባዮሎጂው የሕዋስ ሥዕል ግን ይደበዝዛል። ስለሆነም የመጀመሪያው ገንዘብ መዋል ያለበት ከቅዳሜ ገበያ ጥቁር ወፍራም ጨርቅ ገዝቶ መጋረጃ በማሰፋት ላይ ነው እላለሁ። ይህም ከየትኛውም ፕሮጀክተር የረከሰ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በርካሾቹ ካርቶን ላይ የሚጻፈው የሉመን ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚያሳስት ነው። አንዳንዱ ከሌንሱ የሚወጣውን ሳይሆን ውስጥ ያለው የብርሃን ምንጭ የሚያመነጨውን ይናገራል። በፕሮፎርማው ላይ የአንሲ ሉመን ወይም በአይኤስኦ 21118 (ሁለቱም ከሌንሱ የሚወጣውን ብርሃን የሚለኩ መስፈርቶች ናቸው) የተለካ ቁጥር እንዲጻፍ መጠየቅ አለብን፤ ይህን መጻፍ ያልፈለገ ሻጭ ከውድድሩ ይውጣ።

የፊዚክስ መምህር፦
የመጋረጃውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ወደ ተከበሩት የወላጆች ተወካይ ስመለስ ግን፣ የ4,000 ሰዓቱ ቁጥር በአግባቡ ለሚበራና ለሚጠፋ አምፖል የተሰጠ መሆኑን ላስታውስ። ደግሞም አምፖል እስኪቃጠል ድረስ ብርሃኑን ጠብቆ አይቆይም፤ የተባለውን ዕድሜ ሲጨርስ ብርሃኑ እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ባለሙያው ያሰሉት 1,400 በመጨረሻው ዓመት 700 ሆነ ማለት ነው። ለፍትሐዊነቱ ጥያቄ ያለኝ መልስ፣ ሌዘሮቹ በተመደቡ ክፍሎች ተሰቅለው እያንዳንዱ ሴክሽን በፕሮግራም እየተፈራረቀ ይግባባቸው የሚል ነው።

የወላጆች ተወካይ፦
ፕሮግራሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሁሉም ሴክሽን ድርሻ በግልጽ ከታየ የፍትሐዊነቱን ስጋት እተወዋለሁ፤ መጋረጃውም ይቅደም። በባለአምፖሉ ላይ ያለኝ አቋም ግን አልተለወጠም። ለእያንዳንዱ ባለአምፖል አነስተኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባለባትሪ መሣሪያ) ብንጨምርለት፣ መብራት ሲሄድ ማራገቢያው ለማቀዝቀዝ የሚበቃውን ያህል ደቂቃ ይዞራል፤ ዋጋው ተደምሮም ከሌዘሩ ሊያንስ ይችላል። ስለዚህ የግዥ ኮሚቴው ሁለቱን ዓይነት በአንድ ክፍል፣ በእኩለ ቀን፣ መጋረጃ ተጋርዶም ተከፍቶም ጎን ለጎን እንዲያስሞክር እጠይቃለሁ። ይነበባል አይነበብም የሚለውንም በመጨረሻው ረድፍ የተቀመጡት ተማሪዎች ይፍረዱ።