ከመረጃ መቅጃው ግራፍ መጀመሪያ የትኛውን ልመልከት?

ጠያቂ፦
በዌስት ቨርጂኒያ በሚገኘው የሰሚት ፖይንት ዋና የመኪና መወዳደሪያ ላይ በማዝዳ ሚያታ መኪና መንዳት ከጀመርሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። በቅርቡ ፍጥነትንና ቦታን በጂፒኤስ በሴኮንድ 25 ጊዜ የሚመዘግብ መሣሪያ ገጠምሁ። አሠልጣኜ ወደ አንደኛው መታጠፊያ ስገባ ፍሬን ቀድሜ እንደምይዝ ስለነገሩኝ አሁን በጣም አዘግይቼ እይዛለሁ፤ ሆኖም ዙሬ ከ1 ደቂቃ ከ33 ሴኮንድ ፈቀቅ አላለም። የግራፉ ብዛት ግራ አጋብቶኛልና ከየት ልጀምር?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ከሰው ዙር በፊት የራስዎን ሁለት ዙሮች ያወዳድሩ። በአንድ ጊዜ ወጥተው በተከታታይ ከነዷቸው ዙሮች መካከል ፈጣኑንና መካከለኛውን መርጠው የፍጥነት መስመሮቻቸውን በሰዓት ሳይሆን በርቀት ያደራርቧቸው፤ በዚያው ቦታ ላይ የነበረዎት ፍጥነት ጎን ለጎን ይታይዎታል። ከሥራቸው የሰዓት ልዩነቱን መስመር፣ ማለትም መካከለኛው ዙር በየቦታው ከፈጣኑ ምን ያህል እንደዘገየ የሚያሳየውን፣ ያውጡ። ጊዜው የባከነው መስመሩ መውጣት በጀመረበት ቦታ ነው፤ ከወጣ በኋላ ሳይጨምርም ሳይወርድም የሚቀጥልበት ስፍራ የቀድሞውን ኪሳራ ተሸክሞ ከመሄድ በቀር ጥፋት የለበትም። እኔ ይህን ባለመለየቴ አንድ ወቅት ሙሉ በማይመለከተው መታጠፊያ ላይ ደክሜአለሁ።

ፍሬን በማዘግየት የሚገኘው ጥቂት ሜትር ነው። መኪናው ከልኩ በላይ ፈጥኖ ሲገባ አፍንጫው ወደ ውጭ ስለሚገፋ ነዳጅ ለመስጠት ይዘገያሉ፤ ያተረፉትም እዚያው ያልቃል። ስለዚህ ዝቅተኛውን ፍጥነትና ነዳጅ ሙሉ በሙሉ ሰጥተው ያልቀነሱበትን ቦታ ይመልከቱ። በተለይ ወደ ረጅሙ ቀጥታ የሚያወጣዎትን አሥረኛውን መታጠፊያ አጥብቀው ይመርምሩ፤ በ900 ሜትር ቀጥታ ላይ አማካይ ፍጥነትዎ በሰዓት ከ140 ወደ 142 ኪሎ ሜትር ቢያድግ ብቻ የሴኮንድ ሲሶ ያህል ያተርፋሉ።

የቀጥታው መጨረሻ ላይ የፍጥነት መስመሩ እንደ ጦር ሹል ነው ወይስ እንደ ጉብታ የተድበለበለ? የእኔ ድቡልቡል ነበር። እግሬ ከነዳጁ ተነሥቶ ፍሬኑን እስኪይዝ ግማሽ ሴኮንድ ይፈጅ ነበርና በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ስነዳ 22 ሜትር ያህል ያለ ሥራ እጓዝ ነበር።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ የምጨምረው ስለ መሣሪያው ነው። የጂፒኤሱ አንቴና ሰማይ በሚያይበት ስፍራ፣ የማይነቃነቅ ሆኖ ይታሠር። በሴኮንድ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመዘግብ ስልክ በዚያው 160 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በየ44 ሜትሩ አንድ ነጥብ ስለሚሰጥ የመታጠፊያውን ዝቅተኛ ፍጥነት ሊዘለው ይችላል፤ የእርስዎ ግን በየ1.8 ሜትሩ ስለሚይዝ በቂ ነው። ጎማው ያልሞቀበትን የመጀመሪያ ዙርና ሌላ መኪና ያሳለፉበትን ዙር ከማወዳደሪያው ያውጡ። ከተቻለ ቪዲዮ ያያይዙ፤ ግራፉ ፍጥነትዎ የቀነሰበትን ቦታ ቢያሳይዎትም ዓይንዎ ያን ጊዜ ወዴት ያይ እንደነበር አይነግርዎትም።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሁለቱን ዙሮች ደርቤ አየሁ። አንደኛው መታጠፊያ ላይ ፍሬን 9 ሜትር ያህል አዘግይቼ ብይዝም፣ ነዳጅ ሙሉ በሙሉ የሰጠሁት ከቀድሞው 20 ሜትር አልፌ ነው። አሥረኛው ላይ ደግሞ ነዳጅ ቀድሜ ሰጥቼ መሀል ላይ እንደገና እቀንሳለሁ፤ መስመሩ ጥርስ ሠርቷል። በሚቀጥለው የመንዳት ቀን አንደኛውን እንደ ድሮዬ እየነዳሁ ያንን ጥርስ ብቻ ለማጥፋት እሠራለሁ፤ ግራፉንም እዚሁ አመጣዋለሁ።