ባይፖላር (አንዴ ድብርት፣ አንዴ ከልክ ያለፈ መነሳት የሚያመጣ የአእምሮ ሕመም) መሆኑ በምን ይታወቃል? የደም ምርመራ አለው?

ጥያቄ (የፒያሳ ልጅ)
ሰላም ቤተሰብ። ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው፣ እዚሁ ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ሐምሌን ሙሉ ከአልጋ አልወረደም፣ ገላውን መታጠብ እንኳ ትቶ ነበር። አሁን ደግሞ ተገልብጧል። ይኸው ሳምንት አለፈው፣ ሁለት ሰዓት ነው የሚተኛው፣ ግን ድካም የሚባል የለም። ትናንት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሳሎኑን ቀለም ሲቀባ ደረስኩበት። የደረሰውን ዕቁብም ላልታወቀ ሰው አበድሯል። እማዬ ጸበል ትላለች። እኔ ላስመረምረው ነው። ሲቲ ስካን ይነሳ ወይስ ደም ይስጥ?

መልስ (ሲስተር ነኝ)
ሁለቱም «ባይፖላር ነው» ብለው አይነግሩህም። ደም የሚወሰደው ሌላ በሽታ እንዳይሆን ለማጣራት ነው፤ ለምሳሌ የእንቅርት ሆርሞን ሲበዛም ሰው ይቅበጠበጣል፣ እንቅልፍ ያጣል። ዋናው ምርመራ ከሐኪሙ ጋር መነጋገር ነው፦ ስንት ቀን ቆየ፣ እንቅልፉ፣ ብሩ፣ ንግግሩ፣ በዘር አለ ወይ። እንዲህ ያለው መነሳት ከጉልበት መብዛት ጋር 7 ቀን ከሞላ ወይም ሆስፒታል የሚያስተኛ ከሆነ ማኒያ ይባላል። ቀለል ያለው 4 ቀን ይበቃዋል። ጫት ይቅማል? ይቅም ከሆነ እንዳትደብቁ።

መልስ (እኔም አለሁበት)
እኔን 3 ዓመት ድብርት ነው ብለው አከሙኝ። የድብርት መድኃኒቱን ብቻውን ስወስድ ጭራሽ በረርኩ። ግን እኔም ሐኪም ቤት የምሄደው ሲከፋኝ ብቻ ነበር፤ ደህና ስሆን፣ እንዲያውም ከደህናም በላይ ስሆን፣ ማን በሽታ ይለዋል? በኋላ እህቴ አብራኝ ገባች። «ሌሊት ሌሊት ለማናውቀው ሰው ሁሉ ይደውል ነበር» ስትል ሐኪሙ መጻፉን ትቶ ቀና አለ። ወንድምህን ብቻውን እንዳትልከው። የተኛበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፍና ያዝ፣ ሐምሌንም አትርሳ።

መልስ (ጎረቤት)
አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል አለላችሁ፣ ከመርካቶ ብዙም አይርቅም። ጥቁር አንበሳም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ራሴን አጠፋለሁ ካለ ወይም ጭራሽ እንቅልፍ እንቢ ካለው ግን ቀጠሮ ምናምን ሳትል በሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰደው። በጸበሉ ከእናትህ ጋር አትጣላ፣ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ብቻ ተስማሙ።

የፒያሳ ልጅ
ተባረኩ። ጫት ይቅም ነበር፣ ሐምሌ ላይ ግን አልነካም። ነገ በጠዋት አማኑኤል ነን። እማዬም ትመጣለች፣ ጸበሏን በሃይላንድ ሞልታ አስቀምጣለች።