የቢኤምደብሊው ሞተር ክዳን ወደ አሉሚኒየም የቀየራችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ሞተር የምታውቁ ወንድሞችና እህቶች፣ ግራ ገብቶኛል።

መኪናዬ የ2011 ቢኤምደብሊው ዜድ 4 ናት፤ ኤን 54 የሚባለው ባለ 3 ሊትር፣ ባለ ሁለት ቱርቦ ሞተር ያላት። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ላይ የሚከደነው ክዳን ፕላስቲክ ነው። ሙቀት ሲበዛበት ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። አምና ጋስኬቱን፣ ማለትም ዘይት እንዳያፈስ ከክዳኑ ሥር የሚገባውን ማሸጊያ፣ አስቀየርኩ። ሁለት ወር ሳይሞላው ዘይቱ እንደገና ማዠት ጀመረ። በጭስ ማውጫው በኩል ወርዶ የጋለው ብረት ላይ ጠብ ሲል ይቃጠላል። መብራት ይዞኝ ስቆም ሽታው ጋቢና ይገባል። ትናንት ማታ በባትሪ አየሁት፤ ከኋላ ጥግ፣ ቡሎኑ አጠገብ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። እሳት እንዳይነሳ በጣም ፈርቻለሁ።

አሁን ከፋብሪካው ውጪ የሚሠራውን የአሉሚኒየም ክዳን ልግዛ እያልኩ ነው። አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። የሞተሩ ትንፋሽ (ከሞተሩ ውስጥ የሚወጣው ጋዝ) የሚያልፍበት መንገድ የተሠራው እዚያው ክዳኑ ውስጥ ነው። የአሉሚኒየሙ ይህን በትክክል ይዞ ይመጣል? ደግሞ የሚገጥምበት ፊት ለጥ ብሎ ካልተላገ ብረትም ቢሆን ያፈሳል።

ገጥማችሁ ክረምትና በጋ ያሳለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። የፋብሪካው ጋስኬት ይሆነዋል? የድሮዎቹ ቡሎኖች ይመለሳሉ ወይስ አዲስ ልግዛ? መልስ እስካገኝ መኪናዋን አቁሜያታለሁ።