ክርክር፦ ወረርሽኝ ሲነሳ ድንበር ይዘጋ?

ነርሷ፦ የኮቪድ ጊዜ ደንቦችን «ከንቱ ድካም» የሚል ሰው በዝቷል። እኔ አልስማማም። ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ድንበሯን ዘጋች፤ ቫይረሱ በስፋት የተሰራጨባት አብዛኛው ሕዝቧ ከተከተበ በኋላ ነው። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሠራ ሰው ያ ጊዜ ምን ያህል ነፍስ እንዳተረፈ ይገባዋል።

ተጓዡ፦ እህቴ፣ ኒውዚላንድ እኮ በባሕር የተከበበች ናት። የየብስ ድንበር ያለው አገር ኬላ ሲዘጋ ሰው በጫካ ይሻገራል፤ እዚያ ደግሞ የሚመረምረውም የሚመዘግበውም የለም። የራሷ ዜጎችስ? የለይቶ ማቆያ ክፍል በዕጣ ሆኖባቸው ስንቱ ውጭ ቀረ። በ2022 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አሠራሩ የዜጎችን አገር የመግባት መብት ያለአግባብ መንካቱን ፈርዷል።

ነርሷ፦ ዕጣውን አልከላከልም፤ ወላጁን ሳይቀብር የቀረ ሰው ቁስሉ አይሽርም። ግን ክፍል ማነሱ ነው ጥፋቱ፣ መዝጋቱ አይደለም።

መምህሩ፦ ሁለታችሁም ኦሚክሮንን ረሳችሁት። በኅዳር 2021 የደቡብ አፍሪካ ሳይንቲስቶች አዲሱን ዝርያ ለይተው ወዲያው ለዓለም አሳወቁ። በቀናት ውስጥ ብዙ አገሮች ከደቡባዊ አፍሪካ የሚነሳ በረራ አገዱ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ግን ከዚያ ማስታወቂያ በፊት በተወሰደ ናሙና ላይ ዝርያው ተገኘ። ቀድሞ የገባን ቫይረስ በር ዘግቶ ማስቀረት አይቻልም! ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ነገ ነው። ቶሎ የተናገረ አገር ቱሪስቱንና ገበያውን ካጣ፣ ቀጣዩን ዝርያ የሚያገኘው መንግሥት ለምን ይቸኩላል?

ተጓዡ፦ ይህንን ነው የምለው! ክትባቱም ላይ ያው አድልዎ ነበር። በ2021 እንግሊዝ፣ አፍሪካ ውስጥ አስትራዜኔካ የተከተበውን መንገደኛ እንዳልተከተበ ትቆጥር ነበር፤ ለራሷ ሕዝብ የሰጠችው ያንኑ ክትባት ሆኖ ሳለ።

ነርሷ፦ እሱ በደል ነው፣ አልክድም። ታዲያ ምንም አንዝጋ?

መምህሩ፦ አላልኩም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ከአንቺ ጋር ነኝ፤ ሆስፒታል እስኪዘጋጅ ጊዜ ይገዛል። ግን ደንቡ ሲታወጅ የሚያበቃበት ቀን አብሮ ይታወጅ፤ ማራዘም የፈለገ ማስረጃውን ይዞ ሕዝብ ፊት ይቅረብ። አሜሪካ ያልተከተበ የውጭ መንገደኛ በአውሮፕላን እንዳይገባ የከለከለችበት ደንብ እስከ ግንቦት 2023 ቆይቷል፤ ቫይረሱ በየቤቱ ገብቶ ካደረ በኋላ ማንን ይጠብቃል? ሰው ጭምብሉንም ምርመራውንም የጠላው እንዲህ ያለውን እያየ ነው።

ነርሷ፦ በቀኑ እስማማለሁ። ቀኑን ግን የጤና ባለሙያ ይወስን፣ ምርጫ የደረሰበት ፖለቲከኛ አይደለም።

ተጓዡ፦ እዚህ ላይ ተለያየን። እንጀራዬን የሚዘጋብኝ ሰው እኔ የመረጥኩት ይሁን፤ ካጠፋ ላወርደው እችላለሁ።