ከስቴት ተወካያችሁ የሚመጣውን ኢሜይል አትሰርዙት (ሜሪላንድ)

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የአንዲት ደሊጌት ፎቶ ያለበት ወፍራም ወረቀት በፖስታ መጣልኝ። የምርጫ ማስታወቂያ መስሎኝ ልጥለው ስል ልጄ አየችውና “ማሚ፣ ይቺ እኮ የእኛ ዲስትሪክት ተወካይ ናት፤ ችግር ካላችሁ ደውሉልኝ ነው የምትለው” አለችኝ። እውነት ይደወላል? የእናቴ የግሪን ካርድ ጉዳይ ከተያዘ ቆይቷል። ከለቀቅነው አፓርትመንት ደግሞ ዲፖዚታችንን አልመለሱልንም። ሁለቱንም ብነግራት ትረዳኛለች ወይስ ይስቁብኛል?

መልስ

እህቴ፣ የሚስቅ የለም። ግማሻችን ያንን ወረቀት ከፒዛ ኩፖኑ ጋር ጠቅልለን ነው የምንጥለው፤ በኢሜይል ሲልኩትም እንሰርዘዋለን። እኔ አሁን አሁን አንብቤው ነው የምጥለው፤ ገንዘብ አለበት።

መጀመሪያ ማን ምን እንደሚሠራ እንለይ። አገር ቤት ጉዳይ ያለው ሰው የሚፈልገው “እዚያ ሰው የሚያውቅ” ሰው ነው። እዚህ ግን ሥልጣኑ ፌዴራል፣ ስቴት እና ካውንቲ እየተባለ ተከፋፍሏል። የተሳሳተ በር ብታንኳኪም በትህትና ያስተናግዱሻል፤ ጊዜሽ ግን ይሄዳል።

የእናትሽ ግሪን ካርድ የፌዴራል ነው። የስቴት ደሊጌት፣ ማለትም የሜሪላንድ ምክር ቤት አባል፣ ኢሚግሬሽን ላይ ሥልጣን የላትም። እሱን የምትወስጂው ወደ ኮንግረስ አባልሽ ቢሮ ነው። አብዛኛው ሲልቨር ስፕሪንግ 8ኛው የኮንግረስ ዲስትሪክት ውስጥ ነው፤ ተወካዩ ጄሚ ራስኪን ናቸው። ከፈለግሽ የሴናተር ቫን ሆለን ወይም የሴናተር ኦልሶብሩክስ ቢሮም ይሆናል። ግን አንዱን ምረጪ። ሦስቱም ጋ ከላክሽው ሦስቱም አንዱን ጥያቄ ለዚያው መሥሪያ ቤት ይልካሉ፤ ጉዳዩ ይደበላለቃል እንጂ አይፈጥንም። እናትሽ የፈቃድ ፎርም ይፈርማሉ፤ ያለ እሱ ስለ ፋይላቸው ለቢሮው ማንም መልስ አይሰጥም። ቢሮው ወረፋ አያስዘልልም። የሚያደርገው ፋይሉ የት እንደቆመ ጠይቆ መልስ ማምጣት ነው። ዝም ለተባለ ሰው እሱም ቀላል አይደለም።

ዲፖዚቱ ግን የስቴት ሕግ ነው፤ እዚህ ላይ ደሊጌቷ ትመጣለች። በሜሪላንድ አከራይ ቤቱን ከለቀቃችሁ በ45 ቀን ውስጥ ዲፖዚቱን መመለስ አለበት። የሚቆርጠው ካለም ምን እንደተበላሸና ስንት እንዳወጣበት ዘርዝሮ በጽሑፍ መላክ አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ከያዘው ፍርድ ቤት ያለአግባብ የያዘውን እስከ ሦስት እጥፍ ሊፈርድላችሁ ይችላል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ በአዲስ ሊዝ ላይ ዲፖዚት ከአንድ ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ሆኗል፤ ድሮ ሁለት ወር ነበር። ይሄን የስቴቱ ዋና ከተማ አናፖሊስ ቁጭ ብለው ያጸደቁት እነዚሁ ወረቀት የሚልኩልን ሰዎች ናቸው።

ደሊጌቷ ግን ጠበቃሽ አይደለችም፤ አከራዩን አትከስልሽም። ፍርድ ቤት የገባ ጉዳይ ላይም እጇን አታስገባም። ቢሮዋ ሕጉን ይነግርሻል፣ ከዚያ ወደ ሞንጎመሪ ካውንቲ የአከራይና ተከራይ ጉዳዮች ቢሮ ይመራሻል። እንዲያውም እሱን በቀጥታ በካውንቲው ስልክ 311 ደውለሽ ማግኘት ትችያለሽ። ስትደውዪ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ አትፈሪ።

በነገራችን ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የላትም። ብዙ ሰው “ከንቲባው ጋ እሄዳለሁ” ሲል እሰማለሁ። በሕግ ከተማ አይደለችም፤ የምትተዳደረው በካውንቲው ነው። በ2023 የኪራይ ጭማሪ ላይ ጣሪያ ያበጀው ካውንቲው ነው፤ ከጎንደር ጋር እህትማማችነት የተፈራረመውም ካውንቲው ነው። እንዲህ እያላችሁ ያዙት።

አንድ ወንድማችን፣ ከጀርመንታውን

ታዲያ ስቴቱ ምን ቀረው? ለምን እንደውልላቸው?

መልስ

ብዙ ቀረው። አንኢምፕሎይመንት (ሥራ ላጣ ሰው የሚከፈለው) የስቴት ነው። መንጃ ፈቃድ፣ የስቴት ታክስ ሪፈንድ፣ ሜዲኬይድ፣ የነርስና የሌላ ሙያ ላይሰንስ፣ ሁሉም የስቴት ነው። ማመልከቻህ ከተያዘ፣ ስትደውል ሙዚቃ ብቻ ከሰማህ፣ ኢሜይልህ ካልተመለሰ፣ ያኔ ነው ወደ ደሊጌት ቢሮ የሚጻፈው። የደሊጌት ቢሮ መሥሪያ ቤቶቹ ውስጥ የሚያናግረው ሰው አለው። ያ ሰው ፋይልህን ከክምሩ ውስጥ ፈልጎ ያየዋል።

ግን አጻጻፉ ላይ እንጠንቀቅ። የእኛ ሰው ሲጽፍ ከአገር ቤቱ የ1997 ምርጫ ይጀምራል። ቢሮው ውስጥ ያሉት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሠራተኞች ናቸው። አጭር ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ፦

“ስሜ እገሌ ነው። የምኖረው በዚህ አድራሻ፣ በእርስዎ ዲስትሪክት ነው። የአንኢምፕሎይመንት ክፍያዬ ከዚህ ቀን ጀምሮ ቆሟል። በእነዚህ ቀናት ደውዬ ይህን ተባልኩ። የክሌይም ቁጥሬ ይህ ነው። የምጠይቀው ክፍያው ለምን እንደቆመ እንዲያጣሩልኝ ነው። ስልኬ ይህ ነው።”

በቃ። አድራሻው ዋናው ነው፤ ዲስትሪክታቸው ውስጥ መሆንህን የሚያዩት በእሱ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርህን በኢሜይል አትላክ፤ ካስፈለጋቸው በሌላ መንገድ ይጠይቁሃል። እንግሊዝኛው እንዲያምር አትጨነቅ። ልጆችህ ቢያርሙልህ ጥሩ፣ ባያርሙልህም ይገባቸዋል።

ጊዜውንም እወቁት። የሜሪላንድ ምክር ቤት በዓመት የሚሰበሰበው 90 ቀን ብቻ ነው። ጃንዋሪ ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈትና ኤፕሪል ላይ እኩለ ሌሊት ሲሆን ይዘጋል። በነዚያ ወራት ሁሉም አናፖሊስ ናቸው፣ ቢሮው ይጨናነቃል። አስቸኳይ ያልሆነ ጉዳይ ከሆነ ሜይ ላይ ጻፉ፤ ያኔ ሰፈራቸው ተመልሰው መድረክ የሚያዘጋጁበትና ሰው የሚያገኙበት ጊዜ ነው።

ሌላ እህታችን፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

እኔ ዜጋ አይደለሁም፣ አልመርጥም። ታዲያ ለምን ይሰሙኛል? ቢሰሙስ ያው ለድምፅ ብለው አይደል?

መልስ

ለድምፅ ነው፣ ምን ጥያቄ አለው! 188ቱም ወንበሮች፣ 47 ሴናተር እና 141 ደሊጌት፣ በአራት ዓመት አንዴ በአንድ ቀን ነው ለምርጫ የሚቀርቡት። ባለጉዳይን ጥሩ አድርገው ያስተናግዱ፣ ምክንያታቸው የእነሱ ነው። አንቺ ደግሞ የምትወከዪው ነዋሪ ስለሆንሽ ነው። የሚጠይቁሽ የት እንደምትኖሪ ነው። እኔ እስካሁን ፓስፖርት አሳይ የተባለ ሰው አላየሁም። የምትከፍዪው ታክስም ግሪን ካርድ ነው ዜግነት ነው ብሎ አይለይም።

አንዲት እናት፣ ከበርተንስቪል

ስኮላርሺፑን ለምን አትነግሯቸውም? ዋናው እሱ ነው እኮ!

መልስ

ጎሽ፣ ልደርስበት ነበር። ይሄ እንደ ሜሪላንድ የትም የለም ማለት ይቻላል። እያንዳንዱ ሴናተርና ደሊጌት ለዲስትሪክቱ ተማሪዎች የሚያከፋፍለው የስቴት ስኮላርሺፕ አለው። አብዛኛው ዲስትሪክት አንድ ሴናተርና ሦስት ደሊጌቶች አሉት። ስለዚህ አንድ ልጅ ለአራቱም ማመልከት ይችላል። ከአንዱ ትንሽ፣ ከሌላው ትንሽ ተደምሮ የመጽሐፍና የትራንስፖርት ይወጣል፤ አንዳንዴም ከዚያ ያልፋል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚማርም ያመለክታል። ማስተርስ የሚማርም እንዲሁ። “ልጄ ኤ ብቻ አይደለም የሚያመጣው” ብላችሁ አትቅሩ፤ ብዙዎቹ ቢሮዎች የቤተሰቡን አቅምና የልጁን ጽሑፍም ያያሉ።

ሰው የሚሰናከለው ቀኑ ላይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ፋፍሳ (የፌዴራሉ የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ) እስከ ማርች 1 መሞላት አለበት። በዚያ ላይ እያንዳንዱ ተወካይ የራሱ ማመልከቻና የራሱ የመጨረሻ ቀን አለው። አንዱ ድርሰት ይጠይቃል፣ ሌላው ትራንስክሪፕት ብቻ ይበቃኛል ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ምርጫውን ለስቴቱ የተማሪዎች እርዳታ ቢሮ ትቶታል። ቀኑ የሚወጣው ደግሞ የት መሰላችሁ? ያ የምንሰርዘው ኢሜይል ላይ። የመኖሪያ ወረቀት የሌላቸው ልጆችም በ2012 ሕዝቡ በድምፁ ባጸደቀው የድሪም ሕግ መሠረት ቅናሽ የሆነውን የስቴት ነዋሪ የኮሌጅ ክፍያ የሚከፍሉ ከሆነ፣ በፋፍሳ ፈንታ የስቴቱን ማመልከቻ መሙላት ይችላሉ።

ባለፈው ሰፈራችን ያለ አንድ ልጅ ድርሰቱን አሳየኝ። ሙሉ ገጽ ስለ ማኅበረሰብ አገልግሎት ተፈላስፎ ጽፏል። አባቱ ሌሊት ታክሲ እየነዳ ሲመጣ ታናሽ እህቱን ለትምህርት ቤት የሚያዘጋጃት እሱ መሆኑን ግን አንድ መስመር አልጻፈም። “ይሄማ ሥራ አይደለም” አለኝ። ጻፈው አልኩት። ልጆቻችሁን ጠይቋቸው፤ ቤት ውስጥ የሚሠሩትን እንደ ምንም ነው የሚቆጥሩት።

ጠያቂዋ

ገንዘብ አለበት ያልከው ይሄን ነው? ልጄ ገና 9ኛ ክፍል ናት።

መልስ

ሌላም አለ። በተለይ ወላጆቻችሁን ያመጣችሁ ስሙ። ስቴቱ ለተከራዮች የሚመልሰው የንብረት ግብር ክሬዲት አለ፤ በዓመት እስከ 1,000 ዶላር ይደርሳል። ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ አካል ጉዳተኞች፣ እንዲሁም ከ60 በታች ሆነው የሚያሳድጉት ልጅ ያላቸው፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ ማመልከት ይችላሉ። የመጨረሻው ቀን ኦክቶበር 1 ነው። ሕንፃው ራሱ ከንብረት ግብር ነፃ ከሆነ ግን አይሠራም። ስለዚህ የአዛውንቶች መኖሪያ ውስጥ ያሉ እናትና አባቶች መጀመሪያ የሕንፃውን ቢሮ ይጠይቁ።

ቤት የገዛችሁ ደግሞ ሆምስቴድ ክሬዲት የሚባለውን ሞልታችኋል? አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞላው። ለምትኖሩበት ቤት ነው፣ ለምታከራዩት አይሆንም። የቤታችሁ ግምት በአንዴ ሲዘል፣ ግብር የሚታሰብበት መጠን በዓመት ከተወሰነ በመቶ በላይ እንዳይጨምር ይይዝላችኋል። ለስቴቱ ግብር ጣሪያው 10 በመቶ ነው። ስቴቱ ቤቱን በየሦስት ዓመቱ ነው የሚገምተው። የግምት ደብዳቤ ሲመጣ ካልተስማማችሁ ይግባኝ ለማለት 45 ቀን አላችሁ። “ክሎዚንግ ላይ ሞልተውልኛል” የሚል ሰው አትመኑ፤ በስማችሁ ገብቶ እንደሆነ የስቴቱ የግምት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አድራሻችሁን አስገብታችሁ እዩ።

አንድ ወንድማችን፣ ከአሌክሳንድሪያ

እኛ ቨርጂኒያ ያለን ሰዎችስ?

መልስ

የናንተው ምክር ቤት ሪችመንድ ነው፤ ሥርዓቱም ይለያል። ቨርጂኒያ 100 ደሊጌትና 40 ሴናተር ነው ያላት፤ እያንዳንዳችሁ አንድ ደሊጌትና አንድ ሴናተር አላችሁ። ምርጫችሁም ጎዶሎ ዓመት ላይ ነው። ለዚህ ነው ሰው “ዘንድሮ ምርጫ የለም” ብሎ የሚያመልጠው። ዲፖዚት እናንተ ጋ እስከ ሁለት ወር ኪራይ ይፈቀዳል፤ የመመለሻው ጊዜ ግን እንደኛው 45 ቀን ነው። የደሊጌት ስኮላርሺፕ የሚባለው የለም። ባለጉዳይን ማስተናገዱ አለ፣ ኢሜይሉም አለ። ዲሲ ያላችሁ ደግሞ ስቴት ስላልሆናችሁ ወደ ዋርዳችሁ የካውንስል አባል ነው የምትሄዱት። ዲሲ ከ2004 ጀምሮ የቋንቋ ሕግ ስላላት የመንግሥት ቢሮ በአማርኛ ሊያስተናግዳችሁ ይገባል። እኛም ሜሪላንድ ከ2002 ጀምሮ የስቴት መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ የሚያዝ ሕግ አለን፤ ግን ካልጠየቅሽ ማንም አያስታውስሽም።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ። ወረቀቱ ላይ ያለችው ደሊጌት የእኔ መሆኗን በምን አውቃለሁ? ጓደኛዬ እዚሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት፣ የሷ ግን ሌላ ሰው ነው ትላለች።

መልስ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ፖስታው ላይ “ሲልቨር ስፕሪንግ” የሚል አድራሻ ያለው ሰው 14፣ 18፣ 19 ወይም 20ኛ ዲስትሪክት ሊሆን ይችላል። በዚፕ ኮድ አትገምቺ። የሜሪላንድ ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ “ተወካይዎን ይፈልጉ” የሚል ቦታ አለ። ሙሉ አድራሻሽን ስታስገቢ ሴናተሯን፣ ሦስቱን ደሊጌቶችና የኮንግረስ አባሉን በአንድ ገጽ ያወጣልሻል። ቤት ከቀየራችሁ የዲስትሪክታችሁ ቁጥርም ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል በአዲሱ አድራሻ ነው የምትፈልጊው። ለዲፖዚቱ ግን ደሊጌቷን አትጠብቂ፤ አዲሱን አድራሻሽን ጠቅሰሽ ለአከራዩ በሰርቲፋይድ ፖስታ ደብዳቤ ላኪ፣ ኮፒውን አስቀሪ፣ ነገ ጠዋት 311 ደውዪ።