ዲያኒ ቢች (ኬንያ) ከቤተሰብ ጋር በትንሽ ብር ይቻላል?

የልጅ አባት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ልጃችን 7 ዓመቷ ነው፣ ላንጋኖ ወስደናት ከመጣን ጀምሮ ዋናውን ባህር መቼ ነው ምናየው እያለች ነው፣ እኔና ባለቤቴም ባህር አይተን አናውቅም፣ እና ክረምት ላይ ት/ቤት ሲዘጋ ለአንድ ሳምንት ዲያኒ ልንሄድ አስበናል። ኤጀንሲ ጠይቀን ምግቡም ምኑም ያለበት ሪዞርት ብለው የነገሩን ዋጋ ለሶስት ሰው አይቀመስም። ሪዞርት ካልያዝን ባህሩ ጋ መግባት አይቻልም እንዴ? ቪዛስ? ባቡሩ ከልጅ ጋር ይመቻል? ወይስ በሞያሌ በመኪና ይሻላል? የሄዳችሁ እስኪ ንገሩን።

ናይሮቢ ነዋሪ፦
ወንድሜ በደንብ ይቻላል። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ የለም፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ግን ለሶስታችሁም ያዙ፣ ይጠየቃል። ሞያሌን ተዉት፣ ከህፃን ጋር ያን ሁሉ መንገድ ተጉዛችሁ ደክማችሁ ነው ምትደርሱት። ናይሮቢ ድረስ በፕሌን፣ ከዛ ለዲያኒ ቅርብ ወደሆነችው ሞምባሳ በባቡር ነው ሚያዋጣው። የናይሮቢው ጣቢያ ሲዮኪማው ነው ያለው፣ ከኤርፖርት ቅርብ ነው። ኢኮኖሚ በፈረንጆቹ ከ2024 ጀምሮ 1,500 ሽልንግ ሆኗል፣ አንደኛ ማዕረግ 4,500፣ ለልጅ ይቀንሳል። የጠዋቱ በኛ 2 ሰዓት ተነስቶ 8 ሰዓት አካባቢ ሞምባሳ ይገባል። ኢኮኖሚው ፊት ለፊት ተያይቶ ነው ሚያስቀምጠው፣ እግር መዘርጋት የለም፣ ግን ፃቮ ሚባለውን የዱር እንስሳት ፓርክ ሲያቋርጥ በመስኮት ዝሆን ይታያል፣ በዛ ቀይ አፈር ተለውሰው ቀይ ሆነው፣ ልጅቷ መስኮት ጋ ትቀመጥ። ትኬቱ ቀድሞ ያልቃል፣ በተለይ ቅዳሜና እሁድ፣ ክፍያው ደግሞ በኬንያ ኤምፔሳ ስለሆነ እዚህ ሰው ካላችሁ ቀድሞ ይቁረጥላችሁ።

ባህሩን በተመለከተ ማንም አይከለክላችሁም! ኬንያ ውስጥ የባህር ዳርቻው የህዝብ ነው፣ በሆቴሎቹ መሀል መሀል ወደ አሸዋው ሚያስገባ መንገድ አለ። ሆቴሉ ሚያስከፍላችሁ ለአልጋውና ለመዋኛ ገንዳው እንጂ ለባህሩ አይደለም፣ ይሄን ካወቃችሁ ግማሹ ወጪ ቀለለ ማለት ነው።

እናት ዓለም፦
እሱ ባለው ላይ ልጨምር፣ እኛ ከልጆች ጋር ሄደን በጣም ነው የወደድነው። ዲያኒ አንድ ረጅም አስፋልት አለ፣ ከአስፋልቱ በባህሩ በኩል ያለው ውድ ነው፣ ተሻግሮ ያለው ግን በጣም ይቀንሳል፣ ባህሩ ደግሞ በእግር ነው። እዛ ጋ ኩሽና ያለው ትንንሽ ቤት ፈልጉ፣ ከልጅ ጋር ወጪ ሚያበዛው ምግብ ነውና። አትክልትና ፍራፍሬ ኡኩንዳ ሚባለው ቅርብ ያለ ከተማ ገበያ ግዙ፣ አሳ ከአሳ አጥማጆቹ ይገዛል። ጠዋት ጠዋት ምባዚና ማሃምሪ ብሉ፣ ምባዚው የርግብ አተር በኮኮናት ወተት የተሰራ ነው፣ ማሃምሪው ደግሞ በዘይት የተጠበሰ ሊጥ ነው፣ ትኩሱን በማሃምሪው እየጠቀሱ ነው ሚበላው፣ ዋጋውም ርካሽ ነው፣ ፍልሰታን ምትፆሙ ከሆነ ደግሞ ቅቤ ምናምን የለውም ብላችሁ ጠይቃችሁ ብሉ።

ሌላው ከሁሉም በላይ የባህሩን ሰዓት እወቁ። ውሀው ስድስት ሰዓት ያህል ይሸሻል ስድስት ሰዓት ያህል ይመለሳል፣ ሰዓቱም በየቀኑ ይገፋል፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ። ሲሸሽ ሩቅ ነው ሚሄደው፣ ድንጋዩ መሀል በቀረው ውሀ ውስጥ ትንንሽ አሳ፣ ሸርጣን፣ የኮከብ ቅርፅ ያለው እንስሳ ይታያል፣ ልጆቼን ከዛ ማስወጣት አልተቻለም ነበር። ግን ድንጋዩ ላይ ጥቁር እሾሃም ነገር አለ፣ ከተረገጠ እሾሁ እግር ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፣ ስለዚህ ኮንጎ ጫማ ከዚሁ ገዝታችሁ ሂዱ። ለመዋኘት ውሀው ሲሞላ ነው፣ ልጅቷ ቲሸርት ለብሳ ትግባ፣ ደመና ቢሆንም ፀሐዩ ያቃጥላል። ማታ አጎበር፣ ወባ አለ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሀኪም ጠይቁ። መስኮት ከፍታችሁ አትውጡ ጦጣዎቹ ገብተው ምግብ ይወስዳሉ። ጥቁርና ነጭ ጉሬዛዎች ደግሞ ከአስፋልቱ በላይ በተዘረጋላቸው የገመድ ድልድይ ሲሻገሩ ታያላችሁ፣ እሱ በነፃ ነው!

የልጅ አባት፦
እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ሁለት ጥያቄ ብቻ፣ ከባቡሩ ወርደን ዲያኒ እንዴት ነው ምንደርሰው? ጀልባው ይጨናነቃል ሲሉ ሰምቻለሁ። እና ሐምሌ ይሻላል ነሐሴ?

ናይሮቢ ነዋሪ፦
ባቡሩ ሚሪቲኒ ነው ሚያወርዳችሁ፣ ከከተማው ውጪ። ርካሹ መንገድ በማታቱ (ሚኒባስ ታክሲ ማለት ነው) ጀልባው ያለበት ሊኮኒ ድረስ፣ ጀልባው ለእግረኛ ነፃ ነው፣ ተሻግራችሁ ኡኩንዳ ሚል ማታቱ፣ ከዛ ቱክቱክ (ባጃጅ በሉት)። ግን ሻንጣና ልጅ ይዛችሁ ከሰዓት በኋላ ያ ህዝብ መሀል አልመክርም። በዶንጎ ኩንዱ በኩል ጀልባውን ሳይነካ ደቡብ ሚያወጣ አዲስ መንገድ አለ፣ ለመሄጃው ታክሲ ዋጋ ቀድማችሁ ተነጋግራችሁ በዛ ሂዱ፣ ስትመለሱ በጠዋት ጀልባውን ታዩታላችሁ።

ጊዜውን ከቻላችሁ ጳጉሜ አድርጉት። ነሐሴ ላይ የኬንያ ት/ቤቶችም ዝግ ናቸው፣ የውጭ ቱሪስቱም ይመጣል፣ ዋጋ ይወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ኩሲ ሚሉት የደቡብ ነፋስ ይበረታል፣ የባህር ሳርም ዳርቻው ላይ ይከመራል። ጳጉሜ ላይ የነሱ ልጆች ት/ቤት ገብተዋል የናንተ ገና ነው፣ ያኔ ቤት አከራዮቹን ለሳምንት ነው ብላችሁ ተከራከሩ፣ ይቀንሳሉ። ዶልፊን እናሳያችሁ ብለው ኪሲቴ ወደሚባለው የባህር ፓርክ ሚወስዷችሁ ከመጡ የፓርኩ መግቢያ ዋጋው ውስጥ አለ ወይ ብላችሁ ሳትጠይቁ እንዳትከፍሉ።